የተሰወረ ዘር አይጠፋም

ስለ አዝርዕትና ስለ ሰው የዘር ውርስ፥ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የተሰናዳ ንግግር



በቋንቋችን «ዘር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። ገበሬ በጐተራው አኑሮ የክረምቱ ዝናም ሲመጣ በእርሻው ላይ የሚበትነው እህል ዘር ይባላል፤ ሰው ከአባቱና ከእናቱ፥ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ የሚቈጥረው ትውልድም ዘር ይባላል። የቀደሙት አባቶቻችን ሁለቱን ነገር ባንድ ስም መጥራታቸው መልካም አስተዋይነት ነው። ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፥ አተር ከአተር ሲወለድና ሰው ከሰው ሲወለድ የውርሱ መሠረታዊ ሕግ አንድ ነውና።

ስለ ዘር ብዙ ይነገራል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ነገር ግን ዘር ምን እንደሚስብ፥ እንዴትም እንደሚስብ፥ የማይስበውም ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ መፍረድ በእርሻም በቤትም ጕዳት ያመጣል። አንዱ ገበሬ ያማረ በቆሎ አይቶ ከምርቱ ለዘር ያስቀምጣል፤ በሚመጣው ዓመት አንዱ ረዥም አንዱ አጭር ሆኖ ቢበቅልበት ምድሪቱን ወይም ዘር የሸጠለትን ሰው ያማርራል። አንዱ ባል ሚስቱ ሴት ልጆች ብቻ ብትወልድለት ጥፋቱን በእርሷ ላይ ያደርጋል። ሌላው ደግሞ ራሱ ጠይም ሆኖ ሳለ ቆዳው ነጭ የሆነ ሕፃን ቢወለድለት የሚስቱን ታማኝነት ይጠረጥራል። የሦስቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ ይኸውም ከሁለት ወላጆች የሚመጣውን፥ ብዙ ጊዜም ከዐይን የሚሰወረውን የዘር ነገር አለማወቅ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ነገር በሚገባ መጠን መግለጥ ነው።

በአራዳ ገበያ የነበረው ሀብት

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ የሚውለው በአራዳ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ይልቁንም በቅዳሜ ቀን እህሉን በአህያና በበቅሎ የጫነ ባላገር ይጐርፍበት ነበር። ኢጣልያ አገራችንን ይዞ በቈየበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እንዲዛወር ተደረገ፤ የአራዳም መካከል በኢጣልያ ቋንቋ አደባባይ ማለት በሆነው ቃል ፒያሳ ተባለ። ይህ ስም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

በዚያ በእህል ተራ ቆሞ ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ሳይመለከት አያልፍም ነበር። ስንዴው ነጭ አለው፥ ቀይ አለው፥ ጥቁር አለው። ገብሱም እንዲሁ ነጭና ጥቁር አለው፤ ለቆሎ የሚመረጠው ለብቻው፥ ለጠላ የሚመረጠው ለብቻው ነው። ጤፉ ነጭ፥ ቀይ፥ ሁለቱም የተቀላቀሉበት ሰርገኛ እየተባለ ይሸጣል። ይህ ልዩነት ለነጋዴው የዋጋ ነገር ነበረ፤ ለባለሙያዪቱ የእንጀራና የጠላ ነገር ነበረ፤ ለሊቅ ግን ታላቅ የጥያቄ ምንጭ ነበረ።

በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ ሩሲያዊ የዕፀዋት ሊቅ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና የመንግሥት እንደራሴ የነበሩት ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን በአዲስ አበባ ተቀብለው አነጋገሩት። ቫቪሎቭም በበቅሎ እየተጓዘ ከየእርሻውና ከየገበያው በሺሕ የሚቈጠር የእህል ናሙና ሰበሰበ። ከሩቅ አገር የመጣው ወርቅና የዝሆን ጥርስ ሊገዛ ሳይሆን ገብስና ስንዴ ሊሰበስብ ነበር። በአገራችን ባየው የእህል ዓይነት ብዛትም ስለ ተደነቀ፥ ኢትዮጵያን አዝርዕት ከበቀሉባቸውና ከበዙባቸው የዓለም ታላላቅ ማዕከሎች አንዷ ብሎ ጻፈ።

ይህ ሊቅ በአንድ እፍኝ ገብስ ውስጥ ምን አይቶ ነው ይህን ያህል የደከመው? መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ስለ አንድ መነኵሴና ስለ አተሩ መስማት ያስፈልጋል።

መነኵሴው ሜንዴልና አተሩ

ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር የሚነገረው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ግሬጎር ሜንዴል በ1822 ዓ.ም. ከገበሬ ቤት ተወለደ። ባደገም ጊዜ ዛሬ በቼክ አገር በምትገኘው በብርኖ ከተማ ወዳለው ገዳም ገብቶ መነኰሰ፤ ልጆችንም ያስተምር ነበር። ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ፥ እያዳቀለ፥ ፍሬውን አንድ በአንድ እየቈጠረ ኖረ። ከእርሱ በፊት ዕፀዋትን ያዳቀሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ሜንዴል ግን ከብዙዎቹ የሚለየው በትዕግሥት በመቍጠሩ ነው።

አተርን የመረጠው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ የአተር አበባ እንደ ተፈጥሮው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩ ሳይደባለቅ ይኖራል። ሁለተኛ፥ ሰው ቢፈልግ አበባው ሳይፈካ የወንዴውን ክፍል ቈርጦ አውጥቶ፥ ከሌላ አተር ያመጣውን ብናኝ በእጁ ሊያኖርበት ይችላል። በዚህ ዓይነት የልጁ አባትና እናት እነማን እንደ ሆኑ በርግጥ ይታወቃል።

ሜንዴል ሁልጊዜ ድቡልቡል ፍሬ የሚሰጠውን አተር ሁልጊዜ ጭምድድ ፍሬ ከሚሰጠው አተር ጋር አዳቀለ። የተወለደው ፍሬ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ፤ ጭምድዱ ከቶ አልታየም። ሌላ ሰው ቢሆን «የጭምድዱ ዘር ጠፋ» ብሎ በዚህ በተወ ነበር። እርሱ ግን እነዚያን ድቡልቡል ልጆች መልሶ ዘራቸው፤ ራሳቸውንም በራሳቸው እንዲያዳቅሉ ተዋቸው። ባጨደም ጊዜ 7,324 ፍሬ ቈጠረ። ከዚህ ውስጥ 5,474 ድቡልቡል፥ 1,850 ጭምድድ ሆኖ ተገኘ። ጠፋ የተባለው የአያት መልክ በልጅ ልጆች ላይ ተመለሰ፤ ሲመለስም እንዲያው በዘፈቀደ ሳይሆን ከአራቱ አንዱ ያህል ሆኖ ነው።

ቀጥሎም ከድቡልቡሎቹ ፍሬዎች 565 ተክል አበቀለ። በዐይን ሲያዩአቸው ሁሉም አንድ ነበሩ። በፍሬያቸው ግን 193ቱ ድቡልቡል ብቻ ሰጡ፤ 372ቱ ድቡልቡልና ጭምድድ ቀላቅለው ሰጡ። እንግዲህ ከሦስት ድቡልቡል አተር ሁለቱ በሆዳቸው የጭምድድን ዘር ሰውረው ይዘዋል ማለት ነው።

ከዚህ ሜንዴል የተረዳው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተክል ለእያንዳንዱ መልክ ሁለት የውርስ ቅንጣት አለው፤ አንዱ ከአባት፥ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። በተራው ዘር በሚሰጥበት ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያወርሳል፤ የትኛው እንደሚደርስ ግን እንደ ዕጣ ነው። ሁለቱ ቅንጣቶች የተለያዩ በሆኑ ጊዜ አንዱ ገዥ ሆኖ ይታያል፥ ሁለተኛው ስውር ሆኖ ይቀመጣል። ስውሩ ግን አልሞተም፤ ከገዥውም ጋር ተደባልቆ እንደ ውኃና ወተት አልቀጠነም። መሰሉን ባገኘ ቀን እንደ ቀድሞው ሆኖ ይገለጣል።

ሜንዴል ይህን ሥራውን በ1865 ዓ.ም. በከተማው ማኅበረ ሊቃውንት ፊት አነበበ፤ በሚመጣውም ዓመት ታተመ። ዋጋውን ያወቀለት ግን ጥቂት ነበር። እርሱም የገዳሙ አበ ምኔት ሆኖ በ1884 ዓ.ም. ዐረፈ። ከ16 ዓመት በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. በሆላንድ፥ በጀርመንና በኦስትሪያ የነበሩ ሦስት ሊቃውንት የሜንዴልን ሕግ እንደገና ወደ ብርሃን አወጡት። የተሰወረው የአተር ዘር እንደ ተመለሰ፥ የተሰወረውም የመነኵሴው ሥራ ተመለሰ።

በክፍል ውስጥ የሚደረግ ፈተና

መምህራን ይህን ነገር ያለ ምንም ወጪ ለተማሪዎች ሊያሳዩ ይችላሉ። ሁለት ቅል ወይም ሁለት ሳሕን ይቅረብ። በእያንዳንዱ 20 ጥቁርና 20 ነጭ ቦሎቄ ይጨመር። አንዱ ቅል የአባት፥ ሁለተኛው የእናት ምሳሌ ነው፤ ጥቁሩ ገዥ፥ ነጩ ስውር ይባል። አንድ ተማሪ ዐይኑን ጨፍኖ ከየቅሉ አንድ አንድ ቦሎቄ ያውጣ፤ ሌላው በሰሌዳ ይጻፍ፤ የወጣውም ወደየቅሉ ይመለስ። እንዲህ 40 ጊዜ ቢደረግ፥ 10 ጊዜ ያህል ሁለት ጥቁር፥ 20 ጊዜ ያህል ጥቁርና ነጭ፥ 10 ጊዜ ያህል ሁለት ነጭ ይወጣል። ጥቁር ያለበት ሁሉ ጥቁር ስለሚባል፥ በመልክ ሦስት እጅ ጥቁር፥ አንድ እጅ ነጭ ይሆናል።

ቍጥሩ በትክክል 10፥ 20፥ 10 ባይሆን መምህሩ አይደንግጥ። ዕጣ እንዲህ ነው። ጥቂት ጊዜ ቢያወጡ ያዛባል፤ ብዙ ጊዜ ቢያወጡ ግን ወደ ሕጉ ይቀርባል። ስለዚህ ሜንዴል በሺሕ የሚቈጠር ፍሬ ቈጠረ።

ሜንዴል ቅንጣት ያለውን ሊቃውንት ዛሬ ጂን ወይም ዘረ መል ይሉታል። ይህም ክሮሞሶም በሚባሉ፥ በአጕሊ መነጽር ካልሆነ በቀር በማይታዩ ክሮች ላይ ተሰድሮ ይኖራል፤ ክሮቹም ጥንድ ጥንድ ናቸው። አተር 14፥ ጤፍ 40፥ ቡና 44፥ ሰው 46 ክሮሞሶም አለው። የሰው 46 ክሮሞሶም 23 ከእናት፥ 23 ከአባት የመጣ ነው። ከቍጥሩ እንደሚታየው ሰው ከቡና የሚበልጠው በክር ብዛት አይደለም። ዘረ መል የተጻፈበት ነገር ዲ.ኤን.ኤ. ይባላል፤ እርሱም እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ጥንድ መሰላል መምሰሉን በ1953 ዓ.ም. ዋትሰንና ክሪክ የተባሉ ሊቃውንት ገለጡ።

ስለ ገበሬው ዘር

አሁን ወደ እርሻ እንመለስ። ጤፍ፥ ስንዴና ገብስ እንደ አተር በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ናቸው። ስለዚህ ገበሬ ከመልካም ማሳ ንጹሑን መርጦ ለዘር ቢያስቀምጥ፥ ልጁ እንደ ወላጁ ይሆንለታል። በቆሎ ግን እንዲህ አይደለም። የበቆሎ ብናኝ ከአናቱ ተነሥቶ በነፋስ እየበረረ ከሌላው በቆሎ ሐር ላይ ያርፋልና፥ ዘሩ ሁልጊዜ ይደባለቃል።

ይህን ጠባይ አውቀው የእርሻ ሊቃውንት የተመረጡ የበቆሎ ወገኖችን እያዳቀሉ ብርቱ ዘር ያወጣሉ። በባኮ የምርምር ጣቢያ ተዳቅሎ በ1993 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ቢ.ኤች. 660 የተባለው በቆሎ ከእነዚህ አንዱ ነው። የተዳቀለው ዘር በመጀመሪያው ዓመት ቁመቱ የተስተካከለ፥ ምርቱም የበዛ ይሆናል። ነገር ግን ገበሬው ከዚያ ምርት ለዘር ቢያስቀምጥ፥ እንደ ሜንዴል አተር የተሰወረው ይወጣል፤ ማሳውም ረዥምና አጭር፥ ብርቱና ደካማ የተቀላቀለበት ይሆናል፤ ምርቱም ይቀንሳል። እንዲህ ሲሆን ምድሪቱ አልተረገመችም፤ ሻጩም አላታለለም። እንግዲህ ገበሬ ዘር ሲገዛ «ይህ የተዳቀለ ነው ወይስ ከምርቱ ተመልሶ የሚዘራ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ አንድ ጥያቄ የዓመት ድካምን ያድናል።

በጤፍም ላይ የተሠራውን ሥራ መስማት ይገባል። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፥ ራሱንም በራሱ ፈጥኖ ስለሚያዳቅል፥ ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል የማይቻል መስሎ ብዙ ዘመን ኖረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ተመልክተው፥ በዚያች ሰዓት የማዳቀልን መንገድ አገኙ። ከዚያ በኋላ የደብረ ዘይት የምርምር ማእከል ሊቃውንት ምርቱ የበዛውን ዱከም የተባለ ጤፍና ነጭነቱ የተወደደውን ማኛ የተባለ ጤፍ አዳቀሉ። ከልጅ ልጆቻቸውም መካከል የሁለቱን ወላጆች መልካም ነገር አንድ ላይ የያዘውን፥ ጠባዩም እስኪጸና ድረስ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጡ፥ ቁንጮ የተባለውን ጤፍ አወጡ። ይህም በ1998 ዓ.ም. እንደ እኛ አቈጣጠር ለገበሬ ተሰጠ። መነኵሴው በአተር ያየው ሕግ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ቫቪሎቭ ለምን ገብስ እንደ ለቀመ ይገለጣል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት የገብስን ቅጠል ብጫ የሚያደርግ፥ ተክሉንም የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ተነሥቶ ነበር። ሊቃውንት ከየአገሩ የተሰበሰበውን ገብስ ሲፈትኑ፥ በሽታውን የሚቋቋም ዘረ መል ከኢትዮጵያ በሄደ ገብስ ውስጥ ተገኘ፤ በማዳቀልም የካሊፎርኒያ ገብስ ከጥፋት ዳነ። ያን ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠብቆ ያቈየው የኢትዮጵያ ባላገር በጐተራው የዚህን ዓይነት መድኃኒት እንዳኖረ አያውቅም ነበር። በዐይን ሲያዩት ገብስ ብቻ ነበርና።

ስለዚህ አዲስ ዘር መጣ ብሎ የአባትን ዘር ፈጽሞ መጣል አይገባም። ዛሬ የማይረባ የሚመስለው ጥቁር ገብስ ነገ ለሚነሣው ዋግ ወይም ድርቅ መከላከያውን ሰውሮ ይዞ ይሆናል። ጠፍቶ ካለቀ ግን ሊቅም ንጉሥም አይመልሰውም። በዚህ ምክንያት በ1976 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር የሚጠበቅበት ማእከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማእከሉን ብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፥ በ1977 ዓ.ም. እንደ እኛ አቈጣጠር በነበረው ረኃብ ዘመን ገበሬው ዘሩን ጭምር በልቶ እንዳይጨርስ፥ የየአገሩም ዘር እንዳይጠፋ ደክመዋል። በሌኒንግራድም ከተማ ጀርመኖች በ1941 ዓ.ም. ከበባ ባደረጉ ጊዜ፥ ቫቪሎቭ ያከማቸውን ዘር የሚጠብቁ ሊቃውንት እህሉን አጠገባቸው አድርገው በረኃብ ሞቱ እንጂ አልበሉትም። ቫቪሎቭም ራሱ በአገሩ መንግሥት ታስሮ በ1943 ዓ.ም. በወኅኒ ቤት ሞተ። ዘሩ ግን ተረፈ።

ስለ ሰው

በሰውም ላይ ሕጉ እንዲሁ ነው፤ ልጅ ከአባቱ እኩሌታ፥ ከእናቱ እኩሌታ ይወርሳል። መጀመሪያ ስለ ወንድና ስለ ሴት ልጅ ነገር ይነገር። ከሰው 23 የክሮሞሶም ጥንዶች አንዱ ጥንድ የፆታ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ የሚባሉ ክሮሞሶሞች አሏት፤ ወንድ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። እናት ለልጇ የምታወርሰው ሁልጊዜ ኤክስ ነው፤ ሌላ የላትምና። አባት ግን ኤክስ ቢያወርስ ሴት፥ ዋይ ቢያወርስ ወንድ ይወለዳል። ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ በ1905 ዓ.ም. በአንድ ነፍሳት ላይ መርምራ፥ ፆታን የሚለየው ከወንዱ በኩል የሚመጣው ክሮሞሶም መሆኑን አሳየች።

በየወሩ በ23 ቀን በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ብዙ እናቶች ይሳለማሉ። ከእነርሱም ውስጥ «ወንድ ልጅ ካልወለድሽ» ተብላ በባሏ ወይም በአማቷ የተገፋች፥ ስለትም የተሳለች አትጠፋም። ጸሎትና ስለት የሃይማኖት ነገር ነውና የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው በእጇ ስለሌለ ነገር ሴትን መግፋት ነው። ከአባትም ቢሆን የትኛው እንዲደርስ ዕጣ ነው እንጂ ፈቃዱ አይደለም፤ እንግዲህ እርሱም የሚወቀስ አይደለም። አምስት ልጅ ከወለዱ 32 ቤቶች፥ በአንዱ ቤት ያህል አምስቱም ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንዱም ቤት አምስቱም ወንዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ስድስተኛይቱ ፅንስ ደግሞ የቀደሙትን አትቈጥርም፤ ወንድ ወይም ሴት የመሆን ዕጣዋ እንደ ፊተኛው እኩል ነው። በዚህ ምክንያት ሚስቱን የፈታ ሰው ቤቱን ያፈረሰው በከንቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከጠይም እናትና አባት ቆዳው ነጭ፥ ጠጕሩ ብጫ፥ ዐይኑም ብርሃን የማይችል ሆኖ የሚወለደው ልጅ ነው። ይህ አልቢኒዝም ይባላል። ቆዳን የሚያጠይመውን ቀለም የሚያጐድለው ዘረ መል ስውር ስለ ሆነ፥ አንድ ብቻ የያዘ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ጠይም ነው፤ መያዙንም አያውቅም። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ቢጋቡ፥ ለሚወለደው ልጅ ሁሉ ከአራት አንድ ዕጣ ሁለቱን ስውሮች ይወርሳል። ነገሩ ከቅሉ ሁለት ነጭ ቦሎቄ እንደ መውጣቱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ የእናቲቱ ታማኝነት አይጠረጠርም፤ ይልቁንም አባትና እናት እኩል አውርሰውታል። ርግማንም አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። መምህር እንዲህ ያለውን ተማሪ ዐይኑ ስለሚደክም ከፊት ያስቀምጠው፤ ቆዳውን ፀሓይ ስለምታቃጥለው ባርኔጣና እጀ ረዥም ልብስ ይልበስ፥ ጥላ ካለበትም ይዋል። በተረፈ አእምሮው እንደ ጓደኞቹ ነው።

ሦስተኛው ነገር የጋብቻ ልማድ ነው። በአማራ አገርና በሌላም ብዙ ስፍራ የሚጋቡ ሰዎች አያት፥ ቅድመ አያት፥ ምንዥላት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ስውር ዘር በደንብ የሚገለጠው መሰሉን ባገኘ ጊዜ መሆኑን ካወቁ በኋላ፥ የዚህ ልማድ ጥቅም ይታያል። አንድ አያት አንድ ስውር ጕድለት ቢኖረው፥ ወደ ልጁ የመድረሱ ዕጣ ከሁለት አንድ፥ ወደ ልጅ ልጁ ከአራት አንድ ነው። ከሁለት ልጆቹ የተወለዱ ሁለት የልጅ ልጆች ሁለቱም ያን ስውር የመያዛቸው ዕጣ ከ16 አንድ ይሆናል። በሰባተኛው ትውልድ ግን ወደ አንዱ ሰው የመድረሱ ዕጣ ከ128 አንድ ነው፤ ወደ ሁለቱም የመድረሱ ከ16,384 አንድ ብቻ ነው። የቀደሙት ሰዎች ዘረ መል የሚባል ስም ሳይሰሙ ቍጥሩን ጠብቀው ኖረዋል። ይህን ማወቅ ግን ከዘመድ ጋብቻ የተወለደውን ለመንቀፍ አይሁን፤ ከእነርሱም የሚበዙት ደኅና ናቸው።

በዘር የማይወረስ ነገር

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሁሉ ነገር በዘር አይወረስም፤ በዘር የሚወረሰውም ሁሉ እንደ አተሩ በአንድ ቅንጣት የሚወሰን አይደለም። የሰው ቁመት በብዙ ዘረ መሎች የሚመጣ ነው፤ ምግብም ይጨምረዋል ይቀንሰዋልም። መልካም ዘር በጭንጫ ላይ ቢዘራ እንደሚቀጭጭ፥ ከረዥም ወላጆች የተወለደ ልጅም በረኃብ ቢያድግ ያጥራል። ስለዚህ የልጅን ድክመት ዐይቶ በዘሩ ከማሳበብ በፊት ምን እንደ በላ፥ ምን እንደ ታመመ መጠየቅ ይገባል።

ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ስትታወቅ ኖራለች። አባት ወርቅ ሠሪ ሆኖ ልጁም ወርቅ ሠሪ ሲሆን ያየ ሰው «ሙያው በዘሩ ነው» ይላል። ነገሩ ግን ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአባቱ ወናፍ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ስላለማመደ ነው። የሌላ ሰው ልጅ በዚያ ስፍራ ቢያድግ እንዲሁ ይማረዋል፤ የወርቅ ሠሪውም ልጅ ከሙያው ርቆ ቢያድግ መዶሻውን መያዝ አያውቅም። ፊደልም እንዲሁ ነው። የሊቅ ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ማንበብ አይችልም፤ የማያነብ ገበሬም ልጅ ቢማር ሊቅ ይሆናል። የእጅ ሠራተኞችንና ሸክላ ሠሪዎችን «ዘራቸው ቡዳ ነው» እያሉ መለየትና አለመጋባት ደግሞ በእውቀት ፊት የማይቆም ከንቱ ነገር ነው። ቡዳነት የሚባል ዘረ መል በማንም ሰው ላይ አልተገኘም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ንግግር አራት ነገር በልባችሁ ይቅር። አንደኛ፥ ልጅ ከአባትና ከእናት እኩል ይወርሳል፤ ስለዚህ ስለ ልጅ መልክ ወይም ፆታ አንዲት ሴት ብቻ አትወቀስ። ሁለተኛ፥ ዘር ይሰወራል እንጂ ወዲያው አይጠፋም፤ በአባት ያልታየው በልጅ ይገለጣል። ሦስተኛ፥ ገበሬ አዲሱን ዘር ጠይቆ ይግዛ፥ የአባቱንም ዘር ጠብቆ ያኑር። አራተኛ፥ ሙያ፥ ትምህርትና መልካም ጠባይ በማስተማር የሚገኙ ናቸውና፥ ማንም ልጅ «ዘሩ እንዲህ ነው» ተብሎ ከትምህርት አይከልከል።

ተማሪዎች ሆይ፥ ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አባታችሁን ስለ ጐተራው ዘር ጠይቁት፤ ስሙን፥ ከማን እንዳገኘው፥ ለምን እንደ ወደደው ጻፉ። አያታችሁንም እስከ ስንት ቤት መቍጠር እንደምትችል ጠይቋት፤ እርሱንም ጻፉ። ሜንዴል የጀመረው እንዲሁ በመቍጠርና በመጻፍ ነበርና።